«በሕግ ጠይቂ» ማለት ነፃ አይደለም

መተማ ዮሐንስ ላይ ሁለት ክፍል አከራይታ የምትኖርን እናት «አከራይ» ብሎ ከአዲስ አበባ ባለፎቅ ጋር አንድ ላይ መስደብ ቀላል ነው። እስቲ ሂሳቡን እንሥራው።

ክፍሉ በወር 2,000 ብር ነው እንበል። ተከራዩ ሦስት ወር አልከፈለም፤ አልወጣምም። ቁልፍ ቀይራ ዕቃውን ብታወጣ ተከሳሿ እሷ ልትሆን ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤት። የአቤቱታ ማጻፊያ፣ የዳኝነት፣ የባጃጅ፣ የምስክሮች ምሳ (ምስክር በባዶ ሆዱ አይመጣም መቼም)። ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር ውዝፉ ይጨምራል። ብትረታም ፍርዱ በራሱ ሰው አያስወጣም፤ የአፈጻጸም መዝገብ መክፈት አለባት። ትልቁ ኪሳራ ደግሞ ደረሰኝ የለውም፦ ለሰሊጥ አጨዳ ሠራተኛው ከደጋ ሲጎርፍ ክፍሏ ተይዟል። አጨዳው ሲያልቅ ሰውየው ሌሊት ሻንጣውን ይዞ ይጠፋል።

አዋጅ 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያን በሁለት ወር ገድቧል፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አዟል። ለአዲስ አበባ ጥሩ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ሦስት ወር ሠርቶ ለሚመለስ አጫጅ ግን የሁለት ዓመት ውል ምኑ ነው? ክልሉ አዋጁን ወደ ቆላ ከተሞች ከማውረዱ በፊት ይህን ያስብበት።

ዕዳውን የሚከፍለው ቀጣዩ ተከራይ ነው። አንዴ የተቃጠለች አከራይ ዋስ ትጠይቃለች። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ የሱዳንን ጦርነት ሸሽቶ በገላባት የተሻገረ ሰው ዋስ ከየት ያመጣል?

የጥቂት ወር ውዝፍ በአንድ ቀጠሮ ይታይ፤ ማስወጫውም በዚያው ትእዛዝ ይካተት። ተከራይ እንዲበደል አልፈልግም፤ የታመመና ሥራ ያጣ ካለ ዳኛው ጊዜ ይስጠው፣ ግን ቀኑ ይቆረጥ።