ስለ ከሰል መርዝና ስለ ጥቂት ወርቅ

በክረምት ሌሊት የተያያዘ ፈርኔሎ ወደ ቤት አስገብቶ በሩን ዘግቶ የተኛ ሰው፥ ሳይነቃ የሚቀርበትን ምክንያት ሁላችንም እናውቃለን። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለ ሌለው አፍንጫችን አያስጠነቅቀንም። (መስኮት መክፈት ይቀድማል፤ ነገር ግን የተኛ ሰው አይከፍትም።) ስለዚህ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ስለ ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ ሲከራከሩ፥ እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች «የእነርሱ ጉዳይ ነው» ብለን የምናልፈው አይደለም።

ጃፓናዊው ናኦዮሺ ታጉቺ በ1962 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት የጠየቀበት መሣሪያ ዋና አካሉ የቆርቆሮ ኦክሳይድ ነበር። የአየሩ ኦክሲጅን በዚህ ዱቄት ፊት ላይ ተጣብቆ ኤሌክትሮኖቹን ይይዝበታል፤ ኤሌክትሪክም እንደ ልብ አያልፍም። መርዙ ጋዝ ሲመጣ ያን ኦክሲጅን ይዞ ይሄዳል፤ ኤሌክትሮኖቹ ይለቀቃሉ፤ ደወሉም ይጮኻል። ቅንጣቱ በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እስከሚለካ ድረስ ሲደቅ ለጋዙ የሚጋለጠው ፊት ስለሚበዛ፥ የዛሬው ምርምር ወደዚያ አዘንብሏል።

ችግሩ ይህ ሥራ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት መፈለጉ ነው። ሙቀት ደግሞ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ከሰሉ የሚገባውም መብራት በጠፋበት ሌሊት ነው። የብረቱ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ጥቂት ፓላዲየም ወይም ፕላቲነም በዱቄቱ ላይ ቢነሰነስ፥ እርሱ ራሱ ሳያልቅ የጋዙንና የኦክሲጅኑን ውሕደት ያፋጥናል፤ ባነሰ ሙቀትም ለመሥራት ያስችላል። ወርቅማ ለጌጥ እንጂ ለእንዲህ ያለ ሥራ የማይነሣሣ ማዕድን ሲባል ኖሮ፥ ማሳታኬ ሀሩታና ባልደረቦቹ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ እጅግ ደቅቆ በኦክሳይድ ላይ ሲቀመጥ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከ0 ዲግሪ በታች እንኳ ከኦክሲጅን ጋር እንደሚያዋሕድ አሳዩ። የሚበቃውም መጠን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ «ወርቅ ውድ ነው» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም።

የእኛ ቅሬታ ከዚህ በኋላ ነው። ንጹሕና ደረቅ አየር በቧንቧ እያስገቡ፥ ትብነቱ ስንት እጥፍ ጨመረ እያሉ መመካት ለመኖሪያ ቤት አይበቃም። እርጥበት ይህን መሣሪያ ያዛባዋል፤ የአልኮል ትነትም ይቀሰቅሰዋል። ቡና በሚቆላበት፥ ዕጣን በሚጤስበት፥ ካቲካላ በሚቀዳበት ክፍል በሐሰት የሚጮኽ መሣሪያ በሳምንቱ ከግድግዳ ይወርዳል። ስለዚህ ብረቱ ሲመረጥ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ጋዝን ከጋዝ መለየቱም ይታይ፤ ፈተናውም ፈርኔሎው ባለበት ቤት ለወራት ይደረግ እንላለን። እዚያ እኛም የምንረዳው ሥራ አለ፤ ባለቤቶቹ ለምን በሩን እንደሚዘጉ፥ ደወሉ በሌሊት ሲጮኽ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቆ መመዝገብ የኬሚስትሪ ትምህርት አይደለምና።