ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች የሕይወት ጥራት፦ መጠይቁ ራያ ቆቦ ሲደርስ ምን ይለካል?

ሴሬብራል ፓልሲ ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት ሳቢያ የሚከሰት የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም መታወክ ነው። የአንጎል ጉዳቱ ስለማይድን፣ የተሐድሶ አገልግሎት ውጤት ልጁ ስንት እርምጃ ተራመደ በሚለው ብቻ ሊመዘን አይችልም፤ እንዴት እየኖረ እንደሆነም መታወቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የሕይወት ጥራትን የሚተረጉመው ሰው በሚኖርበት ባህልና የእሴት ሥርዓት ውስጥ ስለ ራሱ ኑሮ ያለው ግንዛቤ አድርጎ ነው። ትርጓሜው በተመራማሪው ላይ ሁለት ግዴታ ይጥላል፤ አንደኛው ልጁን ራሱን መጠየቅ፣ ሁለተኛው በልጁ ዓለም ውስጥ ያለውን ነገር መጠየቅ። የውጭ መጠይቅን ወደ አማርኛ መመለስ ብቻውን ሁለቱንም አያሟላም።

በሰባት የአውሮፓ አገሮች ከ8 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ተካሂዶ በ2007 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በራሳቸው መመለስ የቻሉ 500 ልጆች በአብዛኞቹ ዘርፎች የሕይወት ጥራታቸው ከእኩዮቻቸው ጋር ተመሳሳይ መሆኑን አሳይቷል። በዚያው የጥናት መርሐ ግብር የወላጆች ግምት በአብዛኛው ከልጆቹ መልስ ዝቅ ያለ ነበር። የከበደ ጭንቀት ያለባቸው ወላጆች ግምቱን ይበልጥ ሲያወርዱት፣ ልጁ ሕመም በሚሰማው ጊዜ ግን ወላጅ ከልጁ የተሻለ አድርጎ ይገምታል። ቆቦ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈባት ከተማ ናት። የአንዲት እናት መልስ ያን ጊዜና የዛሬውን ድካም ተሸክሞ መምጣቱ አይቀርም። የእናቲቱ ሸክም ሊለካ ይገባዋል፤ መመዝገብ ያለበት ግን በራሱ ስም እንጂ በልጁ ስም አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ይዘት ነው። በአውስትራሊያ ተዘጋጅቶ በስፋት የሚሠራበት የሴሬብራል ፓልሲ የሕይወት ጥራት መጠይቅ፣ ከሌሎች ዘርፎች ጋር የአገልግሎትና የመሣሪያ አቅርቦትን ይጠይቃል። ፊዚዮቴራፒና ተሽከርካሪ ወንበር በቀላሉ በማይገኙበት ገጠር የሚመዘገበው ዝቅተኛ ነጥብ የሚናገረው ስለ አቅርቦቱ ነው። በአንጻሩ አንዲት ልጅ የሶለል ዕለት ከእኩዮቿ ጋር ትወጣለች ወይስ ቤት ትቀራለች? ማሽላው ሲያሸት ወንድሞቿ ወፍ ሊጠብቁ ሲሄዱ ይዘዋት ይሄዳሉ? ጎረቤት ለቡና ሲጠራ እሷም ትጠራለች? እነዚህን የመሰሉ ጥያቄዎች በውጭ መጠይቅ ውስጥ አይገኙም።

መጠይቁ ከተለወጠ ውጤቱን ከሌላ አገር ጋር ማነጻጸር ያዳግታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን አለ። የጋራ ጥያቄዎቹ ሳይነኩ እንዲቆዩ፣ ከአካባቢው ልጆችና ተንከባካቢዎች ጋር በሚደረግ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ክፍል እንዲጨመርና የሁለቱ ነጥብ ለየብቻ እንዲቀርብ ማድረግ ይቻላል። መናገር የማይችል ልጅ በሥዕል፣ በዓይን ወይም በእጅ ጥቆማ መመለስ ከቻለ ዕድሉ ሊሰጠው ይገባል። ይህም ካልተቻለ ከእናቲቱ በተጨማሪ አያትና ልጁን የሚያዝሉት እኅቶች ይጠየቁ፤ መልሱም የእነርሱ ግምት መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

ከቁጥር በኋላ ውሳኔ ይመጣል። ያለ አግባብ ዝቅ ያለ ነጥብ ልጁን ተስፋ የሌለው ያስመስላል፤ ያለ አግባብ ከፍ ያለ ነጥብ ደግሞ ሊታከም የሚችል ሕመሙን ይሸፍናል። በሁለቱም ስሕተት የሚጎዳው ያልተጠየቀው ልጅ ነው።