ስዊድንን ቆረጥን፤ የሓድነቱን ልጅስ?

ከመዘምራኑ መካከል አንድ ወንበር ባዶ ሆነ። እዚሁ ሓድነት፣ እኔ ባደግኩበት ጉባኤ ውስጥ። የልጁን ስም አልጽፍም፤ የጉባኤውንም ስም አልጠራም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 በሚሠራበት አገር ስም መጥራት ሰውን አሳልፎ መስጠት ነው። የሆነው ነገር አጭር ነው። ወሬ ወጣ። አንድ እሑድ ስለ ሰዶምና ገሞራ ተሰበከ። ሰባኪው የማንንም ስም አላነሳም፤ ሁላችንም ግን አንገታችንን ወደ አንድ አቅጣጫ አዞርን። በሚቀጥለው እሑድ ልጁ አልመጣም። ማንም "ውጣ" አላለውም። እኛ እንዲህ ነን፤ ሳንነካ ነው የምናባርረው።

እኔም አንገቴን አዙሬያለሁ። ይህን ሳልናገር የሚቀጥለውን ብጽፍ ውሸታም እሆናለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው በጥር 2005 ዓ.ም. የሆነውን እንደገና ማንበብ የጀመርኩት። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ 19ኛ ጠቅላላ ጉባኤዋን አዲስ አበባ ላይ ስታካሂድ፣ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካዋ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራት ግንኙነት እንዲቋረጥ የተላለፈውን ውሳኔ አጸደቀች። ምክንያቱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 የስዊድን ሲኖዶስ በ176 ድምፅ ድጋፍ በ62 ተቃውሞ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ጋብቻ ለመፈጸም ወሰነ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አሜሪካኖቹ በጸና የተመሳሳይ ጾታ ጥምረት ለሚኖሩ ሰዎች የመጋቢነቱን በር ከፈቱ። የእኛዎቹ ደብዳቤ በማቋረጥ ብቻ አላበቁም። ከእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና ቄሶች እጅ ቅዱስ ቁርባን መቀበል፣ ለእነርሱም መስጠት ቀረ። ገበታው ተለየ።

ፍርዴን ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልመን። ይህ ውሳኔ ዋጋ አስከፍሏል። የስዊድን ሚሲዮናውያን ምጽዋ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። ኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ያበረከተልን ኦነሲሞስ ነሲብ በእነርሱ እጅ ያደገ ሰው ነው። ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ በጀቱ ውስጥ የእነርሱ እጅ ነበረበት። ገንዘብ ያለውን ወዳጅ ፊት ለፊት "አልስማማም" ማለት እኛ አገር የተለመደ አይደለም። መካነ ኢየሱስ ግን እ.ኤ.አ. በ1972ም ብላዋለች፤ ያኔ ለጋሾቹ ለልማት ብቻ እየሰጡ ለወንጌል ሥራ እጃቸውን ሲሰበስቡ፣ ሰውን ለሁለት አትክፈሉት ብላ ጽፋላቸዋለች። ያንን ድፍረት አከብራለሁ።

ነገር ግን ስዊድንን መቁረጥ ቀላል ነው። ስዊድን ሓድነት አይኖርም። ስዊድን ከመዘምራን መካከል ተቀምጦ ነጭ ልብስ አይለብስም፣ የእናቱን ፊት አይሳቀቅም። ኡፕሳላ ላሉት የተጻፈው ደብዳቤ ኡፕሳላ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው። እዚህ ያለው ልጅ ግን አንብቦታል። አብረዋቸው ለመቁረብ የማይፈቀደው እነማንን እንደሆነ ካወቀ፣ የራሱን ዕጣ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። (የሚገርመው ደግሞ ሦስቱም ቤተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን አባላት ናቸው። በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ገበታው ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ።)

ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ? እስኪ ባፕቲስቶችን እንይ። በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ትምህርት አለው። ባፕቲስት ጳጳስ የለውም። እያንዳንዱ ጉባኤ ራሱን ያስተዳድራል፤ ኅብረት ማለት በፈቃድ የሚገቡበት ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1612 ከእንግሊዝ ባፕቲስቶች አባቶች አንዱ ቶማስ ሄልዊስ፣ ንጉሥ በሰው ኅሊና ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ጽፎ እስር ቤት ሞቷል። ከዚህ ዓይነት ሰው የተወለደ ቤት የሰውን ኅሊና ይታገሣል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልታገሠም። እ.ኤ.አ. በ1992 የደቡብ ባፕቲስት ኮንቬንሽን በሰሜን ካሮላይና የሚገኙ ሁለት ጉባኤዎችን፣ ፑለን መታሰቢያንና ቢንክሊ መታሰቢያን አባረረ። አንደኛው የሁለት ወንዶችን ጥምረት ባረከ፣ ሌላው ለአንድ ግብረ ሰዶማዊ የነገረ መለኮት ተማሪ የስብከት ፈቃድ ሰጠ፤ ጥፋታቸው ይኸው ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1993፣ "ተቀባይና እውቅና ሰጪ ባፕቲስቶች" የተባለው ማኅበር በአሜሪካን ባፕቲስቶች ዘንድ ተቋቋመ። በ1996 ደግሞ በካሊፎርኒያ አራት ጉባኤዎች በዚሁ ጉዳይ ከክልላቸው ኅብረት ተወገዱ።

የማኅበሩን ስም ልብ በሉት። መቀበልና እውቅና መስጠት አንድ አይደሉም። መቀበል "ግባ፣ ከኋላ ተቀመጥ" ሊሆን ይችላል። እውቅና መስጠት ግን ዘምር፣ አገልግል፣ ምረጥ፣ ተመረጥ ማለት ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ከእነዚህ ጉባኤዎች ብዙዎቹ ከማይስማሟቸው ጋር በአንድ ኅብረት ለመቆየት ነው የታገሉት። ጥሎ የሄደው አንዳንዴ ተቃራኒው ወገን ነበር፤ በ2006 የፓሲፊክ ደቡብ ምዕራብ ክልል እነርሱ ባለመቀጣታቸው ተቆጥቶ ራሱ ወጣ። መቆየት የሚፈልገው ኃጢአተኛ የተባለው ነው።

"ይሄ ከውጭ የመጣ ነው" የሚለው መልስ ይመጣል፤ አውቃለሁ። ወገኖቼ፣ ይህን ቃል እኛ እንዴት በአፋችን እንይዘዋለን? መቐለ ውስጥ ጴንጤ ሆኖ ያደገ ሰው "መጤ" የሚለውን ስድብ ከፊደል ጋር ነው የተማረው። እኔ በትምህርት ቤት "ጸረ ማርያም" ተብያለሁ። ዘመዶቻችን ሲሞቱ መቃብር የት ይሁን ተብሎ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ አድጌያለሁ። ሐማሴን ውስጥ ጸዓዘጋ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ በማንበባቸው የተሳደዱት ቀሳውስት የፈረንጅ ሃይማኖት ተከታይ ነው የተባሉት። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ታፍነው ተገድለዋል። መጤ ተብሎ የተገረፈ ሰው ጅራፉን ተረክቦ ሌላውን መጤ ሲል ከማየት የበለጠ የሚያሳፍር ነገር አላውቅም።

ደግሞስ የትኛው ውጭ? በአገራችን ያሉት ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ቃል "ዜጋ" ነው። ከዚህ በላይ የአገር ቤት ቃል ከየት ይመጣል? በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንትና የሙስሊም መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥት እንዲሰፍር ጠይቀዋል። ተስማምተው አንድ ወረቀት ያወጡት በስንት ነገር ነው? በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን ሲያስታውቅ፣ ከመድረኮቻችን "ተው፣ ልጆቻችን ናቸው" የሚል ድምፅ አልሰማሁም።

መጽሐፍ ቅዱሱስ? እሺ፣ ከምንኮራበት እንጀምር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን የሕንደኬን ጃንደረባ የማይወድ ኢትዮጵያዊ የለም። ግን ጃንደረባ ምን እንደሆነ በስብከት ተነግሯችሁ ያውቃል? ዘዳግም 23 እንዲህ ያለ ሰው ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክላል። ሰውዬው ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ሊሰግድ ሄዶ የተመለሰው ሕጉ ከደጅ ከሚያስቀረው ቤት ነው። ውሃ ሲያይ ፊልጶስን እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። ፊልጶስ ዘዳግምን ሊጠቅስለት ይችል ነበር። ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ጠብቅ ሊለው ይችል ነበር። አብሮት ወደ ውሃው ወረደ። ጃንደረባ ግብረ ሰዶማዊ አይደለም ትሉኛላችሁ። አላልኩም። ያልኩት ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን በአካሉ ምክንያት በሕግ የተከለከለ ሰው ነበር፤ እኛም የተቀበልነው እሱ ስለተፈቀደለት ነው።

እኛ ትግራይ ያለን ሰዎች ኅብረት መቁረጥ ምን እንደሆነ ከማንም አንማርም። የትግራይ ኦርቶዶክስ አባቶች በ2013 ዓ.ም. ከአዲስ አበባው ሲኖዶስ መለየታቸውን አስታወቁ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. አክሱም ላይ የራሳቸውን ጳጳሳት ሾሙ። ምእመን እየተገደለ የእናት ቤተ ክርስቲያን ዝምታ ነበር ቁስሉ። ስለዚህ መቁረጥ ሁሌም ስህተት ነው አልልም። ሰው ሲገደል ዝም ያለን መቁረጥ ይገባኛል። ሁለት ሰዎች አብረው ለመኖር ቃል ስለገቡ መቁረጥ ግን ምን ይባላል? እዚህ ከተማ ስልክ፣ ባንክና መድኃኒት ተቋርጦብን የኖርን ሰዎች፣ የተቆረጠበት ሰው ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር እናውቃለን።

ልጁ ከጠፋ በሦስተኛው ሳምንት መጋቢያችን ጋ ሄድኩ።

"መጋቢ፣ ሄደው ጠይቀውታል?"

"ጓለይ፣ እየጸለይንለት ነው።"

"እሱ ያውቃል?"

ዝም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና "አንቺ ግን ለምን ይህን ያህል ተጨነቅሽ?" አሉኝ። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም፤ ጥያቄው ግን ገብቶኛል። ፈራሁ። ተሰናብቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ ቤቱ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እናቱ ናቸው። እሱ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ሄዷል አሉኝ፣ የት እንዳረፈ ግን አያውቁም። ቡና አፈሉልኝ። ሁለተኛውን ሲቀዱ "ከቤተ ክርስቲያን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ" አሉኝ። ሦስተኛው እስኪደርስ ድረስ ሌላ ነገር አላወራንም።