መንግሥት በብርብር ያልፋል

ምዕራብ ዓባያ ላይ መንግሥትን ማየት የፈለገ ሰው ቢሮ መፈለግ አይጠበቅበትም። ብርብር ወርዶ፣ አስፋልቱ ዳር ሙዝና ማንጎ ከደረደሩት ሻጮች አጠገብ መቀመጥ ይበቃዋል። ኮድ 4 ታርጋ የለጠፈች መኪና ወደ ሶዶ ትከንፋለች። ትንሽ ቆይቶ ሌላዋ ወደ አርባ ምንጭ ትከንፋለች። ከመሐል አንዷ ቆማ በመስኮት ሙዝ ከገዛች፣ በቃ፣ መንግሥት ለሕዝብ ቀርቧል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ለሕዝበ ውሳኔ ተሰለፉ፤ ወላይታ ሰኔ ላይ ድጋሚ ተሰለፈ። ነሐሴ 13 ቀን አርባ ምንጭ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ምሥረታ ታወጀ። ልጁ በሰላም ተወለደ፣ እልልታው ቀለጠ። ከዚያ «ልጁ ማን ቤት ይደር?» ተባለ። መልሱ፦ ስድስት ቤት! ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላና ካራትም የክልሉን ተቋማት ተካፈሉ።

ይህን አሠራር ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ቅርጫን ማስታወስ ነው። በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው መደብ መደብ ይሆናል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ሁሉም የድርሻውን ይዞ ደስ ብሎት ይገባል። ማንም አልተበደለም። በሬው ግን ከዚያ በኋላ አያርስም።

ለፍትሕ ያህል፣ ክፍፍሉ ከሜዳ የመጣ ዕብደት አይደለም። የድሮው ደቡብ ክልል ከሃምሳ በላይ ሕዝቦችን ሰብስቦ ቢሮውን ሁሉ ሐዋሳ ላይ ከመረ። ከጂንካ የመጣውም፣ ከቦንጋ የመጣውም ሐዋሳ ቤት ሠራ፣ ሐዋሳ ልጅ አስተማረ። 2012 ዓ.ም. ላይ ሲዳማ ክልል ሲሆን፣ የደቡብ መንግሥት የሰው ክልል ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ክልል የሚያስተዳድር ተከራይ ሆኖ ቀረ። ያንን ያየ ሰው «ሁሉንም እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ አልከትም» ቢል አይፈረድበትም። ከዚያ በፊትም ሰሜን ኦሞ የሚባል ዞን ነበር፤ መቀመጫው አርባ ምንጭ፣ ወላይታም በውስጡ። የሶዶ ሰው ለዞን ጉዳይ በብርብር በኩል ወደ አርባ ምንጭ ይመላለስ ነበር። የ«ወጋጎዳ» መማሪያ መጽሐፍ ቁጣውን ቀሰቀሰው፣ ሰው ሞተ፣ ብዙም ሳይቆይ ዞኑ ተበተነ። ዛሬ የአርባ ምንጩ ሰው በዚያው መንገድ፣ በዚያው ብርብር በኩል ወደ ሶዶ ይመላለሳል። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አቅጣጫው ተገለበጠ እንጂ የሙዙ ደንበኛ አልቀነሰም።

አርባ ምንጭ ራሷም ብትሆን የዝውውር ልጅ ናት። የጋሞ ጎፋ መቀመጫ ጨንቻ ነበር፤ ብርድና ጭጋግ። በ1950ዎቹ መንግሥት ጋቢውን አወለቀና ወደ ቆላው ወረደ። ጨንቻ እዚያው ላይ ቀረች፣ ከነሸማዋ። ለነገሩ አዲሲቷም ከተማ ወዲያው ሴቻና ሲቀላ ተብላ ሁለት ሆናለች፤ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው በባጃጅ ይመላለሳል። መከፋፈል ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

የውጭ ምሳሌ የሚወዱ ካድሬዎች ደቡብ አፍሪካን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ አስፈጻሚው ፕሪቶሪያ፣ ፓርላማው ኬፕታውን፣ ይግባኙ ብሉምፎንቴን። ግን ሦስት ነው፤ ስድስት አይደለም። አገሩም ባቡርና አውሮፕላን አለው። ደቡብ ሱዳን ደግሞ በተወለደች በወራት ውስጥ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2011፣ ዋና ከተማዬን ከጁባ ወደ ራምሲየል አዛውራለሁ ብላ ወሰነች። ዛሬም ጁባ ናት። ወጣት መንግሥት ቤት ሳይሠራ ዕቃ ማሸግ ይወዳል።

አሁን ወደ ባለጉዳዩ። እንበል አንዲት የምዕራብ ዓባያ ገበሬ የመሬት ጉዳይ አላት። ቀበሌው ወደ ወረዳ ላካት፣ ወረዳው ወደ ዞን፣ ዞኑ ደግሞ «ይሄ የክልል ነው» አላት። የትኛው ክልል? ማለትም የትኛው ከተማ? አንዱ ደብዳቤ ሶዶ ይፈረማል፣ ሌላው ዲላ ይታያል እንበል። ዲላ እኮ በአሞራ በረራ ሩቅ አይደለም፤ ከዓባያ ሐይቅ ማዶ ነው። በመኪና ግን በተለመደው መንገድ ሶዶ፣ ከሶዶ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ ዲላ። ልብ በሉ፤ ከክልሏ አንድ መቀመጫ ወደ ሌላው መቀመጫ ለመሄድ ክልሉ ጥሎት የወጣውን ከተማ፣ የሌላ ክልል ዋና ከተማ፣ ማቋረጥ አለባት። አልጋ ይዛ ካደረችም እዚያው ሐዋሳ ትከፍላለች። «ከሐዋሳ ተገላገልን» የተባለው ለካ ለባለሥልጣን ነበር።

ባለሥልጣኑ ለዚህ ጉዞ ነዳጅና አበል አለው። እሷ ያላት የሙዝ ዘለላ ነው። ነዳጁና አበሉ ከየት ይመጣል ቢባል፣ መምህራን «ደመወዛችን ዘገየ» ብለው ከጮኹበት ከዚያው ካዝና ነው።

ስለዚህ ቁርጡን ማወቅ ይሻላል። ስድስት ከተማ ላይ ስድስት ሕንፃ ከመሥራት አንድ ጥሩ አውቶብስ ይገዛ። ካቢኔው ከፊት፣ ምክር ቤቱ ከኋላ፣ ዳኞቹ ገለልተኛ እንዲሆኑ በመስኮት በኩል። መዝገብ ቤቱ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ይከተል። ማኅተሙ ሹፌሩ ጋ ይሁን፤ ሁሌም የማይቀረው እሱ ነውና። አውቶብሱ ዓመቱን ሙሉ 12ቱን ዞኖች ይዙር። የድሮ ነገሥታትስ ድንኳን ጭነው አልነበር አገር የሚያስተዳድሩት?

ቀልዱ ወዲያ ይቅር ከተባለ ደግሞ ከተሞቹ የተካፈሉት ታፔላ ነው፤ ባለጉዳዩ የሚፈልገው ፊርማ ነው። ፊርማው ወረዳ ድረስ ቢወርድ፣ ብርብር ላይ ተጀምሮ ብርብር ላይ ቢያልቅ፣ መቀመጫው ሶዶም ሆነ ሳውላ የምዕራብ ዓባያን ገበሬ እንቅልፍ አይነሳትም ነበር። ይሄ ግን ለማንም ከተማ ሕንፃ አያስገኝም፤ ሪባንም አይቆረጥበትም። ጋሞ ዱቡሻ ላይ ሲሰበሰብ ሕግ ማውጣቱም፣ ዳኝነቱም፣ እርቁም እዚያው አንድ መስክ ላይ ያልቃል። አበል የለውም፤ ለዚህ ይሆናል የሚፈጥነው።

ብርብር ላይ ሲመሽ አንዲት ነጭ መኪና ትቆማለች። መስታወቱ ይወርዳል፤ «ሙዙ ስንት ነው?» ይላል ከውስጥ። ሻጩ ዋጋውን ከመናገሩ በፊት መኪናዋ ወዴት እንደዞረች ያያል። ወደ ሶዶ የሚሄድ ስብሰባ ስለሚያረፍድ አይከራከርም። ከሶዶ የሚመለስ ግን አበሉን ስለተቀበለ ሁለት ዘለላ ይወስዳል።