የጁባ ውስኪ ከየት ይመጣል? የአየርላንድ ጠርሙስ፣ የደቡብ ሱዳን ሲኮ እና በመካከላቸው ያለው ሕግ

በደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ ሁለት ዓይነት ጠንካራ መጠጥ ይገኛል። አንደኛው በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች መደርደሪያ ላይ የሚታየው፣ ስሙ፣ የአልኮል መጠኑና የተመረተበት አገር በጠርሙሱ ላይ የታተመው ከውጭ የገባ ውስኪ ነው። ሁለተኛው በከተማዋ ሰፈሮች ሴቶች በጓሯቸው የሚያወጡት፣ ምልክትም መለኪያም የሌለው 'ሲኮ' የተሰኘው የአገሬው አረቄ ነው።

የመጀመሪያው በዶላር ተገዝቶ ይገባል፤ ሁለተኛው በደቡብ ሱዳን ፓውንድ በብርጭቆ ይሸጣል። ለመጀመሪያው በኬላ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ ሁለተኛውን የአካባቢ ባለሥልጣናት ሲፈልጉ ያልፉታል፣ ሲፈልጉ ያስደፉታል።

ይህ ልዩነት የጣዕም ወይም የሀብት ብቻ ሳይሆን የታሪክም ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ ከታወቁት መጠጦች አንዱ የሆነው የአየርላንድ ውስኪ ከሲኮ የማይርቅ መነሻ ነበረው። ከጓሮ እስከ መደርደሪያ የተጓዘበት መንገድ ገና ከነዳጅ ውጪ ገቢ በመፈለግ ላይ ላለችው ደቡብ ሱዳን፣ አረቄን ለዘመናት ስታወጣ ለኖረችው ኢትዮጵያም ጭምር፣ የሚነግረው ነገር አለው።

ቀረጥ የቀረጸው ጣዕም

'ውስኪ' የሚለው ስም 'የሕይወት ውሃ' የሚል ፍቺ ካለው የአየርላንድ ጥንታዊ ቋንቋ አነጋገር የመጣ ነው። የዛሬው ሕግ የአየርላንድ ውስኪ ተብሎ ለመጠራት መጠጡ በደሴቲቱ ላይ መመረት፣ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የእንጨት በርሜል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓመት መቆየት፣ ሲታሸግም የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም ይላል።

በዚህ ማዕቀፍ ሥር አራት ዓይነቶች አሉ። 'ሲንግል ሞልት' በአንድ ፋብሪካ ከገብስ ብቅል ብቻ የሚሠራ ሲሆን የፍራፍሬና የማር ቃና ያመዛዝንበታል። 'ግሬይን' የሚባለው ከበቆሎ ወይም ከስንዴ በረጃጅም የማንጠሪያ ዓምዶች የሚወጣ ቀላልና ለስላሳ መጠጥ ነው። 'ብሌንድ' ደግሞ የእነዚህ ቅይጥ ነው፤ በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚሸጠውና በጁባ መደርደሪያዎችም የሚታወቀው ጀምሰን በዚህ ምድብ ይገኛል።

አራተኛው 'ሲንግል ፖት ስቲል' የአየርላንድ ብቸኛ መለያ ነው። በውስጡ የበቀለና ያልበቀለ ገብስ ይደባለቃል፤ ከሁለቱ እያንዳንዳቸው ከጥንስሱ እህል ቢያንስ 30 በመቶ መሆን አለባቸው። ያልበቀለው ገብስ መጠጡን ወፈር ያለና ቅባት ያለው ያደርገዋል፤ በምላስ ላይም የቅመም መጋል ይተዋል። ሬድብሬስት እና ግሪን ስፖት የዚህ ዓይነት ምሳሌዎች ናቸው።

ይህ ጣዕም የተስፋፋው በጠማቂዎች ምርጫ ብቻ አልነበረም። በአውሮፓውያኑ 1785 በብቅል ላይ ቀረጥ በተጣለ ጊዜ የአየርላንድ አምራቾች ግብሩን ለማቅለል ያልበቀለ ገብስ መጨመርን አዘወተሩ። ከግብር ለማምለጥ የተደረገው ብልሃት በጊዜ ብዛት የአገር ኩራት ሆነ።

አብዛኛው የአየርላንድ ውስኪ ሦስት ጊዜ ይነጠራል። ኢትዮጵያውያን ለሁለተኛ ጊዜ የወጣውን አረቄ 'ዳግም' እንደሚሉት፣ አየርላንዳውያን አንድ እርምጃ ጨምረው ሦስተኛውን ያስከትላሉ። ብቅሉም ብዙውን ጊዜ በጭስ ስለማይደርቅ እንደ አንዳንዶቹ የስኮትላንድ ውስኪዎች የጭስ ሽታ አይኖረውም፤ ኮኔማራ የተሰኘው ከጥቂት ልዩዎች አንዱ ነው። የአሜሪካ በርቦን የነበረበት በርሜል የቫኒላ፣ የስፔን ሼሪ የነበረበት ደግሞ የዘቢብና የደረቀ ፍራፍሬ ቃና ይሰጣል።

የአየርላንድ ድብቅ አረቄ

ከዚህ ሁሉ ጎን አየርላንድ 'ፖቺን' የሚባል የራሷ የጓሮ አረቄ አላት። በ1661 በመጠጥ ላይ ግብር ሲጣል ያለ ክፍያ ማንጠር ሕገ ወጥ ሆነ። ገበሬዎች ግን ከተራራ ሥርና ከረግረግ ዳር ማውጣታቸውን አላቆሙም። ለዘመናት ቀረጥ ሰብሳቢዎችና አረቄ አውጪዎች ሲሳደዱ ኖሩ።

ፖቺን በአየርላንድ ገበያ በሕጋዊነት እንዲሸጥ የተፈቀደው በ1997 ነው። በ2008 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ስሙ ከአገሩ ጋር የተያያዘ፣ ሌላ ሊጠቀምበት የማይችል መጠጥ አድርጎ መዘገበው። ከሦስት ምዕተ ዓመታት በላይ ወንጀል የነበረው ነገር በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቅርስ ሆነ።

የሕጋዊው ውስኪ መንገድም ቢሆን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1830 የቀድሞው ቀረጥ ሰብሳቢ ኤኒያስ ኮፊ ያለማቋረጥ የሚሠራ የማንጠሪያ ዓምድ አሻሽሎ የባለቤትነት መብት ሲያገኝ፣ ታላላቆቹ የደብሊን ፋብሪካዎች ጣዕም ያጠፋል ብለው ናቁት፤ ስኮትላንዳውያን ግን ተቀበሉት። በ1920ዎቹ የአሜሪካ የመጠጥ እገዳ፣ በ1930ዎቹ ደግሞ ከብሪታኒያ ጋር የተደረገው የንግድ ጦርነት ገበያውን አደቀቁት። በ1970ዎቹ በደሴቲቱ ላይ የቀሩት ሁለት ፋብሪካዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው።

በናይል ላይ የፈሰሰው መጠጥ

ጁባ ከመጠጥ ጋር ያላት ታሪክ ከዚህ የከበደ ነው። በመስከረም 1983 የሱዳን ፕሬዝዳንት የነበሩት ጃዕፈር ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግን በመላ አገሪቱ ሲያውጁ፣ በካርቱም የተሰበሰበው ውስኪና ቢራ በአደባባይ ወደ ናይል ወንዝ ተደፋ። የጠጣ በ40 ጅራፍ እንዲቀጣ ተደነገገ። የዚያ ዓመት አዋጆች ለሁለተኛው የሰሜንና የደቡብ ጦርነት መባባስ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ናቸው።

ቅጣቱ ከሁሉ ይልቅ የከበደው በደቡብ ተወላጅ ሴቶች ላይ ነበር። ጦርነቱ ወደ ካርቱም ዳርቻዎች ያፈናቀላቸው እናቶች ሌላ ሥራ ስላልነበራቸው ከማሽላ የሚጠመቀውን 'ማሪሳ' እና አረቄን እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር። የኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት ለዓመታት በእነዚህ ሴቶች የተሞላ ነበር። ሱዳን ሙስሊም ያልሆኑ ዜጎቿ መጠጥ እንዲጠጡ ሕጓን ያሻሻለችው በሐምሌ 2020፣ ደቡብ ሱዳን ከተገነጠለች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

በጥር 2005 የተፈረመው የሰላም ስምምነት ደቡቡን ከሸሪዓ ሕግ ነጻ ሲያወጣ፣ በጁባ መጠጥ ቤት መክፈት የንግድ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ብርጭቆ በአደባባይ ማንሳት የነጻነት ምልክት ተደርጎ ታየ።

'ነጭ በሬ' ለምን ወደቀ?

የዚህ ተስፋ ትልቁ መገለጫ ዓለም አቀፉ ኤስኤቢሚለር በ2009 በጁባ የከፈተው የቢራ ፋብሪካ ነበር። 'ኋይት ቡል' ወይም 'ነጭ በሬ' የተባለው ቢራ ለከብት ትልቅ ክብር በሚሰጥ ማኅበረሰብ ዘንድ የተመረጠ ስም ይዞ ወጣ። ኩባንያው ከአገሬው ገበሬዎች ካሳቫ ለመግዛትም ዕቅድ ነድፎ ነበር።

ፋብሪካው ግን በ2016 ሥራውን አቆመ። የጎደለው ጠጪ ሳይሆን ዶላር ነበር። ብቅሉ፣ ማሸጊያውና መለዋወጫው ከውጭ ይመጣሉ፤ ቢራው የሚሸጠው በአገሬው ፓውንድ ነው። የመንግሥት ገቢ ከ90 በመቶ በላይ በነዳጅ ላይ በተንጠለጠለበት አገር የነዳጅ ዋጋ ወርዶ፣ ከታኅሣሥ 2013 ጀምሮ የተቀሰቀሰው ጦርነት ምርቱን ሲቀንሰው፣ ባንኮች የሚሰጡት የውጭ ምንዛሪ አጡ። በታኅሣሥ 2015 ደግሞ ለአንድ ዶላር ወደ ሦስት ፓውንድ ገደማ የነበረው ይፋዊ ምንዛሪ በአንድ ጊዜ ከ18 በላይ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ጁባ የምትጠጣው የፋብሪካ መጠጥ በአመዛኙ የሰው አገር ምርት ሆነ። አንድ የአየርላንድ ውስኪ ጠርሙስ በሞምባሳ ወደብ ቢራገፍ ኬንያንና ኡጋንዳን አቋርጦ፣ በኒሙሌ ድንበር ገብቶ ጁባ እስኪደርስ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በየኬላው የሚከፈለው ሕጋዊና ሕገ ወጥ ክፍያ በዋጋው ላይ ይደመራል። ነዳጅ በየካቲት 2024 በሱዳን ጦርነት ሳቢያ የማስተላለፊያ ቧንቧ ሲሰበር እንደታየው፣ የአገሪቱ ዶላር ሲነጥፍ የጠርሙሱ ዋጋ ከሠራተኛው ደመወዝ ጋር ፈጽሞ ይለያያል።

የሐበሻ ቤቶች

በዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ከሚገኙት መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነጋዴዎች ጎልተው ይታያሉ። ከ2005 በኋላ ወደ ጁባ ከጎረፉት መካከል ብዙዎቹ ሆቴል፣ ምግብ ቤትና መጠጥ ቤት ከፍተዋል። በከተማዋ ክትፎና ሽሮ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ የአውሮፓ ውስኪ፣ የኡጋንዳ ጂንና የኬንያ ቢራ ጎን ለጎን መቀመጣቸው የተለመደ ነው።

ነጋዴዎቹ ዕቃውን በዶላር ገዝተው በፓውንድ ይሸጣሉ። ፓውንዱ በሳምንት ውስጥ ቢወድቅ ሸጠው ያገኙት ገንዘብ ያንኑ ዕቃ መልሶ አይገዛም፤ ትርፍ ያሉት ኪሳራ ይሆናል። በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 በከተማዋ ውጊያ ሲነሳም በርካቶች ንብረታቸውን ጥለው ለመውጣት ተገድደዋል። ስለዚህ የውስኪው መደርደሪያ የአገሪቱ ምንዛሪና ሰላም መለኪያም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሲኮ፦ የሴቶች ጓዳ፣ የሕግ ክፍተት

ውስኪው በራቀ መጠን ሲኮ ይቀርባል። ካሳቫ፣ ማሽላ ወይም ስኳር ከእርሾ ጋር ተጠንስሶ፣ በእሳት ተግሎ፣ እንፋሎቱ በቧንቧ ወርዶ ይጠራቀማል። አሠራሩ ከደብረ ብርሃን ወይም ከአርሲ ነገሌ አረቄ አይርቅም፤ ስሙም የጋራ ነው። በዐረብኛ 'ላብ' ከሚለው ቃል የወጣው 'አረቄ' ናይልን ተከትሎ በሱዳንም በኢትዮጵያም ይነገራል፤ ጠብ ጠብ የሚለው እንፋሎት ከማሰሮው እንደሚወርድ ላብ ነውና።

ለብዙ ባሎቻቸውን በጦርነት ላጡ ሴቶች ይህ የትምህርት ቤት ክፍያና የዕለት እንጀራ ነው። ባለሥልጣናት ሲዘምቱበት የሚደፋው የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። ለዚህም ነው ዘመቻው ካለፈ በኋላ ማሰሮው ተመልሶ የሚጣደው።

አደጋው ግን እውነተኛ ነው። ጥንካሬው ያልተለካ መጠጥ ጉበትን ይጎዳል፣ ጠብንም ያባብሳል። ከሁሉ የሚከፋው ትርፍ ፈላጊዎች ለኢንዱስትሪ የሚውል ሜታኖል ሲቀላቅሉበት ነው። ሜታኖል በሽታና በጣዕም ከተለመደው አልኮል በቀላሉ አይለይም፤ ሰውነት ሲፈጨው ግን ዓይንን ያሳውራል፣ ይገድላል። በሚያዝያ 2010 በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ፣ በካባሌ አካባቢ፣ በሜታኖል የተበከለ ዋራጊ ከ80 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ከእገዳና ከዝምታ ሌላ መንገድ አለ?

ኡጋንዳ ሦስተኛ መንገድ ሞክራለች። በ1965 የወጣው ሕግ 'እንጉሊ' የተባለው የመንደር አረቄ በፈቃድ እንዲወጣና ወደ ፋብሪካ ተወስዶ እንደገና እንዲነጠር አዘዘ። ዛሬ በጁባም የሚሸጠው ኡጋንዳ ዋራጊ የዚያ ውጤት ነው። ካባሌ ግን ሕጉ ያልደረሰበትን ሥፍራ አሳየ። ኡጋንዳ በ2019 በትናንሽ የፕላስቲክ ከረጢት የሚሸጠውን ርካሽ መጠጥም አግዳለች።

የአየርላንድ ምሳሌም ቢሆን እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። ሦስት ዓመት በበርሜል የሚቀመጥ ውስኪ ሦስት ዓመት የሚታገስ ገንዘብ፣ የማይዘረፍ መጋዘንና የሚታመን ምንዛሪ ይፈልጋል። በጁባ ሦስቱም ብርቅ ናቸው።

ሆኖም ከአየርላንድ የሚወሰድ አንድ ቁም ነገር አለ። ገዢው ጠርሙሱን የሚያምነው ሕጉ ምን እንደገባበት፣ ምን ያህል እንደጠነከረና ማን ተጠያቂ እንደሆነ ስለሚናገርለት ነው። ለሲኮም ቢሆን የመጀመሪያው እርምጃ ፋብሪካ ላይሆን ይችላል። አውጪዎቹን በማኅበር ማደራጀት፣ በአነስተኛ ክፍያ መመዝገብ፣ የአልኮል መጠኑን በቀላል መሣሪያ መለካት፣ ሜታኖል የሚቀላቅለውን ከምታወጣው እናት ለይቶ መቅጣት ይቻላል።

ይህ ደግሞ ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም፦ ፈቃዱን የሚሰጠው አካል ሌላ ኬላ ሆኖ እንዳይቀር ማን ይጠብቀዋል? መንገድ በገመድ ዘግቶ ክፍያ መጠየቅ በተለመደበት አገር፣ የአረቄ ሴቶች ምዝገባን ከጥበቃ ይልቅ አዲስ ቀረጥ አድርገው ቢያዩት አይፈረድባቸውም። የአየርላንድ ገበሬዎች በ1661 ያደረጉትም ይኸው ነበር፤ ማሰሯቸውን ይዘው ወደ ተራራው ወጡ። መንግሥታቸው እነሱን ወደ ሕጉ ጥላ ለመመለስ 336 ዓመት ፈጅቶበታል።