ኮምፒውተር መግዛት ወይስ መገጣጠም?

ባለፈው ሴሚስተር መገባደጃ ላይ አንድ የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ወረቀት ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። በወረቀቱ ላይ የፕሮሰሰር፣ የማዘርቦርድ፣ የሜሞሪ፣ የፓወር ሰፕላይና የኬዝ ዝርዝር ከነዋጋቸው ሰፍሯል። ገንዘቡን የላከችለት በአረብ አገር ሠርታ የምታድር ታላቅ እኅቱ ነበረች። «ዶክተር፣ ዕቃውን ገዝቼ ራሴ ልገጣጥም ወይስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ልግዛ?» ሲል ጠየቀኝ። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ከባከነ የሚተካ አልነበረምና መልሱን በችኮላ ልሰጠው አልወደድሁም። ብዙ ተማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ስለሚያነሡ ያን ዕለት የነገርሁትን እዚህ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ።

በቅድሚያ ጥያቄው ማንን እንደሚመለከት መለየት ያስፈልጋል። ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያም ወደ ማደሪያ ይዞት ለሚዞር ተማሪ የሚሻለው ላፕቶፕ ነው፤ መብራት ሲጠፋም በባትሪው ጥቂት ሰዓት ያሠራዋል። ላፕቶፕ ደግሞ ተማሪ በማደሪያው የሚገጣጥመው ዕቃ አይደለም። ክርክሩ የሚነሣው በአንድ ቦታ ተቀምጦ ረዘም ያለ ስሌት በሚሠራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ነው።

ለመገጣጠም የሚሟገቱ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት ምክንያት ዋጋ ነው። ይህ ምክንያት ግን ሁልጊዜ አይጸናም። ዕቃዎቹ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋቸው በብር ሲሰላ ከፍ ብሏል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 የመጨረሻ ወራት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ፍላጎት የሜሞሪን ዋጋ በዓለም ገበያ አንሮታል። በአንጻሩ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ሜሞሪውን፣ ኬዙንና ፓወር ሰፕላዩን አንድ ላይ ይዞ ይሸጣል። ይህንኑ ገዝቶ አሮጌ ሃርድ ዲስኩን በኤስ.ኤስ.ዲ. መተካት አዲስ ዕቃ አንድ በአንድ ከመልቀም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሚዛኑ ዋጋ ብቻ ከሆነ ነገሩ ወደ መግዛት ያደላል ማለት ነው።

ከዋጋው ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይ አለ። በውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያ ኮምፒውተሬን የገጣጠምሁት ራሴ ነበርሁ። ማዘርቦርዱ ብልሽት ስለነበረበት አልነሣም አለኝ፤ ለሻጩ መለስሁና በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌላ ተሰጠኝ። ሥራው ሲሳካ ምስጋናውን ለእጄ ብልሃት ሰጠሁ። ወደ አገሬ ተመልሼ ሁለተኛውን ስገጣጥም ያው ችግር ገጠመኝ። ሻጩ ግን «ከእኔ ሲወጣ ደኅና ነበር» አለኝ። የተበላሸው ማዘርቦርዱ ይሁን፣ ሜሞሪው ይሁን፣ ወይስ ፓወር ሰፕላዩ፣ ላረጋግጥለት አልቻልሁም። ያን ጊዜ በውጭ አገር ያዳነኝ ካቻቢቴው ሳይሆን ዕቃ የመመለስ መብቱ እንደነበረ ተገነዘብሁ።

ለመሆኑ ጥፋቱን ለመለየት ያቃተኝ ለምንድን ነው? መልሱን ማንኛውም የሳይንስ ተማሪ ከቤተ ሙከራ ያውቀዋል። የአንድን ውጤት መንስኤ ለማግኘት ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቶ አንዱን ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል። ሜሞሪውን ለመመርመር ደኅና መሆኑ የታወቀ ሌላ ሜሞሪ፣ ፓወር ሰፕላዩንም ለመመርመር እንዲሁ ሌላ ፓወር ሰፕላይ መኖር አለበት። እኔ ከእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ብቻ ነበረኝ። ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ደግሞ ግምት እንጂ ሙከራ አይባልም።

ይህን ችግር አብሮ መሥራት ያቃልለዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም በናሳ ጎዳርድ ማዕከል ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር ከተራ ገበያ በሚገኙ ዕቃዎች የተሠሩ 16 ፕሮሰሰሮችን በኢተርኔት አያይዘው «ቤዎልፍ» የተባለውን ክላስተር ሠሩ። ውድ ሱፐር ኮምፒውተር ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ፈለጋቸውን ተከትለዋል። ክፍሎቹ ተመሳሳይ በሆኑበት እንዲህ ባለ ሥርዓት አንዱ ሲታመም ጎረቤቱ ማነጻጸሪያ ይሆነዋል። ሦስት ተማሪዎችም አንድ ዓይነት ዕቃ መርጠው አብረው ቢገጣጥሙ ይህንኑ ጥቅም ያገኛሉ።

መገጣጠም ሌላም ትርፍ አለው፤ ይኸውም ማሽኑን ለሚኖርበት አየር ማስማማት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ እፍጋትም ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም በውስጡ ያለው ቁስ አካል ያነሰ ነው፤ ስለዚህም ከፕሮሰሰሩ የሚያነሣው ሙቀት ይቀንሳል። ይህን የሚያውቅ ገጣጣሚ ሰፋ ያለ ማቀዝቀዣ ይመርጣል። ሃርድ ዲስክም ቢሆን ማንበቢያው የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ነው፤ የብዙዎቹ የሥራ ከፍታ ወሰንም 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍ ባለው ደጋ የሚኖር ሰው ተንቀሳቃሽ አካል የሌለውን ኤስ.ኤስ.ዲ. ቢመርጥ ምክንያታዊ ነው።

እንግዲህ ለተማሪው የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር፦ ብቻህን ከሆንህ፣ የምትዋሰው ዕቃም ከሌለህ፣ የእኅትህን ገንዘብ ለዕድል አትስጥ፤ ሻጩ ፊት ተነሥቶ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ከባድ ስሌት ሲሠራ ያየኸውን ኮምፒውተር ግዛ። ሁለት ጓደኞች ካገኘህ ግን ግጠሙ። ከዕቃው ሌላ ነገ ሲበላሽ የምትጠግኑበት ዕውቀት ይተርፋችኋል።

ለፋኩልቲያችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ከአገልግሎት ውጪ ሆነው በየመጋዘኑ አቧራ የሚጠጡ ኮምፒውተሮች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ ዐሥር ያህሉ ወጥተው፣ አንድ ጠረጴዛና ጥቂት ካቻቢቴ ተጨምሮላቸው፣ ተማሪው የሚፈታበት፣ የሚገጥምበትና የተጠረጠረ ዕቃውን በደኅናው የሚያነጻጽርበት ቦታ ቢከፈት ወጪው ኢምንት ነው። ተማሪ መሳሳት ያለበት በእንዲህ ያለ ቦታ እንጂ ቤተሰቡ ከጉሮሮው ነጥቆ በላከለት ገንዘብ መሆን የለበትም።