የጋርቬይ ውርስ እና የይፋት ቁስል

በሸዋ ሮቢት ጎዳና የሚመላለሱትን ባጃጆች ልብ ብሎ ያየ ሰው በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተከበበውን የቦብ ማርሌይ ምስል አያጣም። ወጣቱ ሾፌር ዘፋኙን ያውቀዋል፤ ከዘፋኙ ጀርባ የቆመውን ማርከስ ጋርቬይን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ተማርን የምንለውም ከዚህ ብዙ አንሻልም። የአሜሪካን ጥቁር ብሔርተኞች የምናነሣቸው ኢትዮጵያን ስላከበሩ ነው፤ ያስተማሩትንም የተሳሳቱትንም አልመረመርንም።

ጋርቬይ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1914 በትውልድ አገሩ በጃማይካ መሥርቶ በ1916 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1920 በኒውዮርክ የተሰበሰበው ጉባኤው ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴውን ሰንደቅ የጥቁር ሕዝብ ሰንደቅ ብሎ ዐወጀ፤ የተቀበለውም መዝሙር ኢትዮጵያን በስሟ የሚጠራ ነበር። ወላጆቹ የጋርቬይ ተከታዮች የነበሩት ማልኮም ኤክስ በበኩሉ የባሪያ አሳዳሪ ስም አልሸከምም ብሎ፣ ለጠፋው የአያቶቹ ስም ምልክት አንዲት ፊደል አኖረ። ዛሬ በአሜሪካ «ጥቁር» የሚለው ቃል ከስድብነት ወጥቶ የኩራት ስም መሆኑ፣ በዩኒቨርሲቲዎች የጥቁር ሕዝብ ጥናት ክፍል መከፈቱ፣ የሂፕ ሆፕ ወጣቶችም የማልኮምን ድምፅ በሙዚቃቸው ማስገባታቸው የዚህ ትግል ፍሬ ነው።

የእኛም ዕዳ አለበት። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነሥቶ ይፋትን በማቋረጥ ጣርማ በርን የወጣው የፋሺስት ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፣ የሃርለም ድኆች አስቀድመው ለኢትዮጵያ ገንዘብ ማዋጣት ጀምረው ነበር። አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ ለኢትዮጵያ በርሯል። ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን ሲመሠርቱ የተከተሏቸው እነዚሁ ሰዎች ነበሩ። የሚረዱት ሰው ይፋቴ ይሁን ጎጃሜ፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ አንዳቸውም አልጠየቁም።

ይሁን እንጂ ውርሱን ሁሉ ወርቅ ማለት አይገባም። ጋርቬይ እ.ኤ.አ. በ1922 ከጥቁር ሕዝብ ደመኛ ከኩ ክለክስ ክላን መሪ ጋር ተገናኝቶ ተወያይቷል። ሁለቱም ዘሮች ተለያይተው ይኑሩ ባዮች ነበሩና መነጋገሪያ አላጡም። መለያየትን ግቡ ያደረገ ብሔርተኝነት መጨረሻው ከጠላቱ ጋር አንድ ቋንቋ መናገር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

በሌላ በኩል ይኸው ጋርቬይ ለኢትዮጵያ የነበረው ፍቅር አፉን አልዘጋውም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ አገሪቱን ለጦርነቱ አላዘጋጁም ብሎ በብርቱ ነቅፏቸዋል። አገርን መውደድና መሪን መተቸት እንደማይጣሉ ከእርሱ መማር ይቻል ነበር። እኛ ግን ዛሬም የወገናችንን መሪ የነካብንን ሁሉ ወገናችንን እንደነካ እንቆጥራለን።

ወደ ይፋት ልመለስ። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት ይህ ቆላ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ምን እንደተሸከመ የሚያውቀው ነዋሪው ነው። በየወገኑ የሚነሣው ብሔርተኝነት መነሻው ቁስል መሆኑን አልክድም፤ የጋርቬይም መነሻ ቁስል ነበር። ልዩነቱ የሚታየው ቀጥሎ በሚመጣው ጥያቄ ነው፤ የተዋረደውን ቀና ለማድረግ ነው ወይስ ጎረቤትን ለማስለቀቅ? የመጀመሪያው ትምህርት ቤት፣ ጋዜጣና ማኅበር ይሠራል። ሁለተኛው ቤት ያቃጥላል፤ በማግስቱም የራሱን ሙታን ይቆጥራል።

ነጭን ሁሉ ሰይጣን ብሎ ይሰብክ የነበረው ማልኮም ኤክስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1964 መካ ደርሶ ነጭና ጥቁር ሙስሊሞች በአንድ ማዕድ ሲቀመጡ አየ፤ መሳሳቱንም በአደባባይ ተናገረ። የሕዝቡን መብት መጠየቁን ግን አልተወም። በየካቲት 1965 በ39 ዓመቱ ሲገደል፣ አቋሙን ለማረም ያገኘው ጊዜ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። የእኛ ልሂቃንስ ከአጣዬ ቃጠሎ ወዲህ ስንት ዓመት አገኘን? በዚህ ሁሉ ጊዜስ ማናችን ነን በአደባባይ «ተሳስቼ ነበር» ያልነው?